ከምላጩ በፊት የሚሰመረው መስመር

ጡት የመቀነስ ኦፕራሲዮን የሚጀመረው በእስክሪብቶ ነው። ማደንዘዣው ገና ሳይሰጥ ታካሚዋ ትከሻዋን ለቃ፣ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ሐኪሙ ዓይኑ ከደረቷ ትይዩ እስኪሆን ዝቅ ያለ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ይቀመጣል። መቆሟ የግድ ነው። ስትተኛ ጡት ወደ ብብት ይሸሻል፤ በተኛ ጡት ላይ የተሰመረ መስመር ሴትየዋ ስትነሳ ቦታው ላይ አይገኝም። ስለዚህ የሥራው ዋና ዋና ውሳኔዎች ምላጭ ከመነሳቱ በፊት፣ ሰው ውሎ በሚገባበት አቋም፣ የምድር ስበት ጡቱን ወደ ታች እየጎተተው ሳለ ያልቃሉ።

በመጀመሪያ አንገት ሥር ያለችው ጎድጓዳ ትዳሰሳለች። ከእሷ ተነስቶ ወደ እምብርት የደረቱ መሃል ይሰመራል። ቀጥሎ ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ የሚሄደው አጥንት ወገቡ ላይ ምልክት ይደረግበትና ከዚያ ወደ ታች፣ በጡቱ ላይ፣ ሌላ መስመር ይወርዳል። ይህ መስመር አሁን ያለውን የጡት ጫፍ ተከትሎ አይሄድም፤ በትልቅ ጡት ላይ ጫፉ ብዙ ጊዜ ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ ይገኛልና። ሐኪሙ የሚያሰምረው ጡቱ ወደፊት የሚኖረውን መሃል ነው። ከዚያ አንድ እጁን ከጡቱ ሥር ያስገባል፤ ጡቱ ከደረት ጋር የሚገናኝበትን እጥፋት በጣቱ ይይዝና የዚያን ከፍታ በሌላኛው እጁ ከፊት በኩል ቆዳው ላይ በነጥብ ያወጣዋል። አዲሱ የጡት ጫፍ የሚቀመጠው እዚያ ነጥብ አካባቢ ነው። ነጥቡ እስከ ዛሬ በብራዚላዊው የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም በኢቮ ፒታንጊ ስም ይጠራል።

ልምድ ያለው እጅ ነጥቡን እዚያው ላይ አይተወውም፤ ጥቂት ዝቅ ያደርገዋል። የጡቱ ክብደት ሲቀንስ ለዓመታት ተወጥሮ የኖረው ቆዳ ወደ ላይ ይሰበሰባልና፣ ዛሬ ልክ የመሰለው ነገ ከልክ በላይ ይወጣል። ጫፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቢቀር በኋላ ከፍ ማድረግ ይቻላል። ከልክ በላይ ከፍ ያለውን ወደ ታች መመለስ ግን እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ ሴትየዋ ዕድሜ ልኳን ከጡት መያዣዋ በላይ ብቅ የሚል ጫፍ ስትደብቅ ትኖራለች። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስደንቀኝ ይህች የሴንቲ ሜትር ጥንቃቄ ናት። ሰውየው የሚያሰምረው ገና በሌለ ጡት ላይ ነው፤ ቆዳው ሸክሙ ሲወርድለት የት ድረስ እንደሚሄድ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ይህን የማውቀው ሐኪም ሆኜ አይደለም። ጡቴ ትልቅ ነው፤ በጣም ትልቅ። ኦፕራሲዮኑን ላድርገው ወይስ ልተወው እያልኩ ስብሰለሰል ለሐኪሞች ማስተማሪያ የተቀረጹ ፊልሞችን ማየት ጀመርኩ፤ ኦፕራሲዮን ክፍል የምትሠራ ነርስ ጓደኛዬም አጠገቤ ተቀምጣ እያስቆመች ታስረዳኛለች። በፍርሃት የከፈትኩትን ነገር በአድናቆት ማየት ጀመርኩ። ጥሩ የእጅ ሥራ የትም ቢሆን ዓይን ይይዛል፤ በሰው ገላ ላይ ሲሆን ግን ሌላ ነው።

ከትልቅ ጡት ጋር መኖር ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ጥቂት ልበል። የጡት መያዣው ማንገቻ ትከሻዬ ላይ ቦይ አውጥቷል፤ ማታ ስፈታውም ቦዩ አይሞላም። በበጋ ከጡቴ ሥር ያለው ቆዳ ላብ ይዞ ይላላጣል፤ ንጹሕ ጨርቅ አስገብቼበት የምውልበት ቀን ብዙ ነው። ታክሲ ለመያዝ መሮጥ ካለብኝ እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ታክሲውን ይሂድ ብዬ እተወዋለሁ። በሁዳዴ ስሰግድ ከጉልበቴ በፊት አንገቴ ይደክማል። የመንገዱን ለከፋ ሴት ሁሉ ታውቀዋለች፤ በእኔ ላይ የጀመረው ገና የተማሪ ዩኒፎርም ለብሼ ነው፤ ትከሻዬን አጥፌ፣ ደብተሬን ደረቴ ላይ አቅፌ መሄድ የለመድኩትም ያኔ ነው። የጀርባዬ መጉበጥ የዚያ ዘመን ትርፍ ነው። ሰው ግን ይህን እንደ ጸጋ ያየዋል። እናቴ ጉዳዩን ሳነሳባት «እግዜር የሰጠሽን ገላ ልታስቆርጪ ነው?» አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። በንግግር ልመልስላት አልቻልኩም። ከዚያ በኋላ በፊልሞቹ ያየሁትን ቀስ እያልኩ አስረዳኋት፤ እዚህም የምጽፈው እሱኑ ነው።

ሽሮ ሜዳ ቀሚስ የሚሰፉልኝ አንድ ጋሼ አሉ። ልኬን ሲወስዱ ሁሌ ያው ጥያቄ ነው፦ «እህቴ፣ በደረትሽ ከሰፋሁት ትከሻው ይወርዳል፤ በትከሻሽ ከሰፋሁት ደረቱ አይገባም፤ በየቱ ልሂድ?» በደረቴ ይሄዱና ከብብት ወደ ጡት አቅጣጫ ጨርቁን በማዕዘን አጥፈው ይሰፉታል። ጠፍጣፋ የነበረው ጨርቅ በአንዴ ጉብታ ያወጣል። ከጨርቁ ላይ አንድ ማዕዘን ስታወጣና ሁለቱን ጠርዞች ስታገናኝ ጠፍጣፋው ነገር ክብ ይሆናል፤ ማዕዘኑ በሰፋ ቁጥር ጉብታው ይሾላል። የስፌት ሁሉ ምሥጢር ይህ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

አሜሪካዊው ሐኪም ሮበርት ዋይዝ በ1956 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ሌሎቹም ዓመቶች እንዲሁ ናቸው) ያሳተመው ዘዴ መነሻው ከዚሁ ከስፌት ቤት ነው። ዋይዝ የጡት መያዣ እንዴት እንደሚቀደድ አጠና፤ ከዚያ ቅድ ተነስቶ በቆዳ ላይ ተጋድሞ የሚሰመር ንድፍ አወጣ። ከላይ ክብ፣ ከክቡ ሥር ወደ ታች እየተራራቁ የሚወርዱ ሁለት እግሮች ያሉት፣ የቁልፍ ቀዳዳ የሚመስል ንድፍ ነው። በእግሮቹ መካከል ያለው ሲወጣና እግሮቹ ሲገናኙ ቆዳው ጉብታ ይሠራል፤ የላይኛው ክብ የጡቱን ጫፍ ይቀበላል። ስፌቱ በጫፉ ዙሪያ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ ታች፣ ከዚያም በጡቱ ሥር ባለው እጥፋት ወደ ግራና ቀኝ ይሄዳል። እስከ ዛሬ በብዙ አገር ሐኪሞች የሚያሰምሩት ይህንኑ ወይም የእሱን ልጅ ነው። የጋሼን ጠመኔ ባየሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ይህ ነው፤ የኦፕራሲዮን ክፍሉ ዕውቀት ከልብስ ሰፊ ጠረጴዛ መምጣቱ ደስ ያሰኘኛል።

ጨርቅ ግን አይሞትም። ቆዳና ሥጋ ደም ካላገኘ ይሞታል፤ የጡት ጫፍ ደግሞ ከሁሉም ቀድሞ። የዚህ ኦፕራሲዮን እውነተኛው ፈተና ይኸው ነው። ጫፉ ከነበረበት ቦታ ወደ ላይ፣ አንዳንዴ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ መጓዝ አለበት፤ በጉዞው ሁሉ ደሙ ሊቋረጥበት አይገባም። በ1922 በቺካጎ ይሠራ የነበረው ሐኪም ማክስ ቶሬክ ጫፉን ጭራሽ ነቅሎ፣ ጡቱን ከቀነሰ በኋላ እንደ ንቅለ ተከላ ቆዳ መልሶ ሰፋው። ይህ መንገድ በጣም ግዙፍ ለሆነ ጡት ዛሬም አልቀረም፤ ነገር ግን ስሜቱ ይቀንሳል፣ የወተቱ መንገድ ይቋረጣል፣ በጠቆረ ገላ ላይ ደግሞ ጫፉ ቀለሙን ሊለቅ ይችላል። በ1930 ሽቫርትስማን የተባለ ሐኪም ወሳኙን ነገር አመለከተ፦ በጫፉ ዙሪያ ያለው የቆዳ ውስጠኛ ሽፋን ካልተነካ ጫፉ በእሱ በኩል ደም አግኝቶ ይኖራል። ከዚያ ወዲህ ያለው የዚህ ሙያ ታሪክ በአብዛኛው ለአንድ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው፦ ጫፉን የሚመግበው ሥጋ ከየት በኩል ይቅር? ሐኪሞቹ ይህን የሚቀር ሥጋ ፔዲክል ይሉታል። ማኪሶክ በ1972 ከላይም ከታችም ይቅር አለ፤ ሌሎች ከታች ብቻ፤ ካናዳዊቷ ኤልሳቤጥ ሆል ፊንድሌይ በ1999 ከደረት አጥንት በኩል። በ1998 ደግሞ ኤልሳቤጥ ቩሪንገር በጡት ውስጥ አግድም የሚያልፍ፣ የደም ሥርና ነርቭ ይዞ ወደ ጫፉ የሚሄድ ስስ ግድግዳ እንዳለ አሳየች። ሐኪም የሚቆርጠውን ብቻ አውቆ አይበቃውም፤ ይህ ግድግዳ የት እንዳለ ሳያይ በጣቱ ሊያውቀው ይገባል።

አሁን ወደ ጠረጴዛው ልቅረብ፤ ፊልሙን ደጋግሜ ያየሁበት ቦታ እዚህ ነው። ታካሚዋ ተኝታለች፤ መስመሮቹ ደረቷ ላይ አሉ። ወደ 4 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ክብ ብረት በጫፉ ላይ ተጭኖ ምልክት ይተዋል፤ በክብደት ብዛት ከተለጠጠው ጥቁር ክብ ከዚያ ውጭ ያለው ይወገዳል። ረዳቷ ጡቱን ከሥሩ በሁለት እጇ ጨብጣ ቆዳውን ከበሮ እስኪመስል ትወጥረዋለች። ሐኪሙ ምላጩን ቀጥ አያደርገውም፤ ያስተኛዋል። የፔዲክሉን የላይኛውን ቆዳ ብቻ፣ ከሚሊ ሜትር በታች የሆነውን፣ ቀስ እያለ በረጃጅም ስንጥቅ ይገፍፈዋል። ሥሩ የሚቀረው ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ እዚህም እዚያም ጥቃቅን የደም ነጠብጣብ የሚያወጣ ነው። ነጠብጣቦቹ መልካም ዜና ናቸው፤ የደም ሥሮቹ መረብ አልተነካም ማለት ነው። ቢጫ ስብ ከታየ ምላጩ ጠልቋል፤ ጫፉን የሚመግበው መረብ ተበጥሷል። በጣም ከሳሳ ደግሞ የላይኛው ቆዳ ቅሪት ውስጥ ተቀብሮ በኋላ እብጠት ያወጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በዓይን የሚለካ አይደለም፤ ሐኪሙ የሚያውቀው ምላጩ በእጁ ላይ ከሚሰጠው ስሜትና ከሥሩ ከሚወጣው ቀለም ነው። ጓደኛዬ ፊልሙን አስቁማ «እዪ፣ እጁ አይቸኩልም፤ እዚህ የሚቸኩል ሰው ጋ ገብቼ አልሠራም» አለችኝ።

ቀሪው ሥራ ከባድ ቢሆንም ለማየት ይቀላል። ከፔዲክሉ ውጭ ያለው ስብና እጢ ይወጣል፤ ከእያንዳንዱ ጡት የወጣው ለብቻው ይመዘናል፤ ግማሽ ኪሎና ከዚያ በላይ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ከዚያም ለምርመራ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። ሁለቱ ጡቶች ከመጀመሪያውም እኩል ስላልነበሩ የሚወጣው እኩል ላይሆን ይችላል፤ እኩል እንዲሆን የሚፈለገው የሚቀረው ነው። ከዚያ የተቀረው ሥጋ በውስጥ ይሰፋል። ሆል ፊንድሌይ አጥብቃ ያስተማረችው ይህንን ነው፦ ቅርጹን መያዝ ያለበት ከሥር የተጋጠመው ሥጋ እንጂ ቆዳው አይደለም። ቆዳ ክብደት እንዲሸከም ከተደረገ ይለጠጣል፤ ጡቱም እንደገና ይወርዳል። ጥሩ ሐኪም ቆዳውን የሚያለብሰው ቅርጹ አልቆ ሲያይ ብቻ ነው።

ያለቀ ሲመስል የኦፕራሲዮኑ ጠረጴዛ ከወገቡ ይነሳና ታካሚዋ እንቅልፍ ላይ እንዳለች ትቀመጣለች። ሐኪሙ ወደ እግሯ በኩል ይሄድና ከሩቅ ያያል፤ ጠጋ ይላል፤ አንድ ጊዜያዊ ስፌት ፈትቶ በሌላ ቦታ ይይዛል፤ እንደገና ይርቃል። ይህን ሲያደርግ ያየሁት ሐኪም አስተውሎት ይገርማል፤ እኔ እኩል ናቸው ያልኳቸውን እሱ አልቀበል ብሎ ቆየ።

የመጨረሻው ስፌት በንብርብር ነው፤ ጥልቁ ክብደት ይይዛል፣ መካከለኛው ጠርዝ ያገናኛል፣ ላይኛው ከቆዳው ሥር ገብቶ ከውጭ ክር ሳያሳይ ይሄዳል። ክሩ በራሱ ይሟሟል። ከሁሉም የሚያስፈራው ቦታ ቀጥ ብሎ የወረደው ስፌት በሥር ካለው አግድም ስፌት ጋር የሚገናኝበት ነው፤ ሦስት የቆዳ ጠርዞች እዚያ ይጋጠማሉ፣ ውጥረቱ ይበዛል፣ ደሙ ያንሳል፤ ቁስል የሚከፈት ከሆነ በአብዛኛው የሚከፈተው እዚያ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ሐኪሞች በሥረኛው ጠርዝ መሃል ላይ ትንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን ቆዳ ይተዋሉ፤ ወደ ላይ ገብታ መጋጠሚያውን ታሳርፋለች። ማንም ሴት ከዳነች በኋላ ያቺን ቁራሽ አትለያትም። ሐኪሙ ግን ከሳምንታት ቁስል ያተረፋት በእሷ ነው።

የሚጎዳውን ሳላነሳ ብቀር እናቴን መዋሸት ይሆንብኛል። የጫፉ ስሜት ሊቀንስ፣ አልፎ አልፎም ሊጠፋ ይችላል። ወደፊት ልጅ ማጥባት ለአንዳንዷ ይቻላታል፣ ለአንዳንዷ አይሞላላትም፣ ለአንዳንዷ አይሆንም፤ ከጫፉ ሥር ያለው እጢ ተያይዞ መቅረቱ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ሲጋራ የምታጨስ ሴት አስቀድማ ካላቆመች ጫፉ የመሞት አደጋው ይጨምራል። ጠባሳው ደግሞ አለ፤ እስኪደበዝዝ ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ በጠቆረ ገላ ላይ አብጦ ሊወጣ፣ ከመስመሩም አልፎ ኬሎይድ ሊሆን ይችላል። በአክስቴ የጆሮ ጉትቻ ቀዳዳ ላይ ያደገውን ስለማውቅ ይህን ከሁሉም አብልጬ አስባለሁ። በሌላው ወገን ደግሞ የአንገት፣ የትከሻና የጀርባ ሕመም ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ለአብዛኞቹ ሴቶች እንደሚቀልላቸው በተደጋጋሚ ተጠንቷል፤ ማሳጅና ልዩ የጡት መያዣ ይህን ያህል ሲያሳርፉ አልታየም።

ይህ ሙያ በእኛ አገር እንግዳ አይደለም። የካቲት 12 ሆስፒታል በቃጠሎና በፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ስሙ የታወቀ ነው። የተቃጠለ አንገት የሚፈታ፣ የተሰነጠቀ ከንፈር የሚገጥም እጅ ቆዳን ከነደሙ ማንቀሳቀስ አውቋል ማለት ነው፤ ለጡትም የሚፈለገው መሠረቱ ይኸው ነው። አንዳንድ ሰው የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሲባል ቅንጦት ብቻ ይመስለዋል። ተሸክሞ ያላየ ሰው ሸክሙን መመዘን አይችልም፤ የአንገቴን ሕመም ቅንጦት የሚለኝ ሰው አንድ ቀን በሁዳዴ አጠገቤ ይስገድ።

እናቴ ሁሉንም ሰማችኝ። የነጩን ቆዳ ነገር፣ የደሙን ነጠብጣብ፣ ሰውየው እየራቀ የሚያይበትን ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና «ጫፉን ሳይነቅለው ነው እንዴ ወደ ላይ የሚያመጣው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። እሷ ራሷ ጥልፍ ጠላፊ ናት፤ ክር ሳይቆረጥ ከቦታ ወደ ቦታ መሄድ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ታውቃለች። አልባረከችኝም፣ አልከለከለችኝምም።

የምክር ቀጠሮ ይዣለሁ። ሐኪሙን የምጠይቀው ፔዲክሉን ከየት በኩል ሊያስቀር እንዳሰበና ለምን እንደሆነ ነው። እስክሪብቶውን አንስቶ በቁሜ እንዲያሰምርልኝና በመስታወት እንዲያሳየኝ እጠይቀዋለሁ። የእኔን የመሰለ የቆዳ ቀለም ያላቸው፣ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ዓመት የሞላቸው ሴቶች ፈቅደው የተነሱትን ፎቶ፣ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ከሥር በኩል ጠባሳው ሲታይ ጭምር፣ ላየው እፈልጋለሁ። የሚያሳየኝ ከሌለው ሌላ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ።